ከበር የማይወጣ ሀብት

ጉልበቱንና ዕውቀቱን እየሸጠ የሚኖር ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ ቀን ሊገጥመው የሚችል ጥያቄ አለ። ይኸውም ትናንት መቶ ብር ይከፍለው የነበረ አሠሪ ዛሬ «ጊዜው ከፍቷልና ሰማንያ ብር ተቀብለህ ሥራ» ያለው እንደ ሆነ፥ ይቆይ ወይስ ይሂድ የሚለው ነው። ጥያቄው ሲያዩት አጭር ነው። ነገር ግን የቤት ኪራይ የሚከፍልና ልጅ የሚያስተምር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ቢያድርበት አይፈረድበትም። አብዛኞቻችን ይህን ነገር የምናስበው ከደረሰብን በኋላ ነው፤ ስለዚህም አንዱ በቍጣ ተነሥቶ ይሄዳል፥ ሌላው በፍርሃት ተቀምጦ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም አልመረጡም፤ ቍጣና ፍርሃት መረጡላቸው እንጂ።

ይህን ጉዳይ በምክር ብቻ ከመናገር በታሪክ ማሳየት ይሻላል። ስለዚህ በአሜሪካ አገር ሰባ ዓመት ያህል ኖሮ በመጨረሻ የጠፋውን ቲ. ደብልዩ. ኤ. የተባለውን አየር መንገድና የሠራተኞቹን ዕድል እንመልከት። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይህ አየር መንገድ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1945 የኢትዮጵያ መንግሥት የራሱን አየር መንገድ ለማቋቋም ባሰበ ጊዜ የተዋዋለው ከዚሁ ኩባንያ ጋር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 በኛ አቆጣጠር ተቋቋመ፤ በሚያዝያ 8 ቀን 1946 በፈረንጆች የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላኑን የሚነዱት፥ ሞተሩን የሚጠግኑትና ሥራውን የሚመሩት ከዚያ ኩባንያ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ከጎናቸው እየቆሙ ተማሩ፤ በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። እንግዲህ የምንናገረው ስለ መምህራችን ቤት ነው።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ የአየር መንገድ ሥራ የተከበረና ደኅና ደመወዝ ያለው ሥራ ነበር። ምክንያቱም ከሰዎቹ ሙያ ሌላ ከመንግሥቱ ሕግ የመጣ ነው። የትኛው ኩባንያ ወደ የትኛው ከተማ እንዲበር፥ ቲኬቱንም በስንት እንዲሸጥ የሚወስን የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበረ። ወጪው የጨመረበት ኩባንያ የቲኬቱ ዋጋ ከፍ እንዲል ለዚያ ቦርድ ያመለክታል። ስለዚህ ኩባንያው ደመወዝ ሲጨምር መንገደኛውን ወደ ሌላ ኩባንያ አባርራለሁ ብሎ ብዙ አይሰጋም ነበር።

በጥቅምት 24 ቀን 1978 ግን ፕሬዚዳንት ካርተር ይህን አሠራር የሚሽር ሕግ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ማንም ኩባንያ ወደ ፈለገው ከተማ በፈለገው ዋጋ እንዲበር ተፈቀደለት። የቀድሞ ዕዳ የሌለባቸው፥ የሠራተኛ ማኅበር የሌላቸውና ትንሽ ደመወዝ የሚከፍሉ አዳዲስ ኩባንያዎች ተነሡ፤ ቲኬትም ረከሰ። በአውቶቡስ እንጂ በአውሮፕላን ሄዶ የማያውቅ ብዙ ሰው አያቱን ሊጠይቅ በአየር ሄደ። ይህን በጎ ነገር መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይሁን እንጂ የረከሰው ቲኬት ከአንድ ሰው ኪስ መውጣቱ አልቀረም። ነዳጅ ለሁሉም የሚሸጠው በተቀራራቢ ዋጋ ነው፤ አውሮፕላንም እንዲሁ። አለቃው ቆርጦ ሊያሳንሰው የሚችለው ዋና ወጪ የሠራተኛው ደመወዝ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ወጣቱ አንባቢ «ታዲያ ደመወዛቸው ሲቀነስ ለምን ወደ ሌላ ኩባንያ አልሄዱም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። በአሜሪካ አየር መንገዶች አብራሪውና አስተናጋጇ እያንዳንዳቸው በተቀጠሩበት ቀን መሠረት የተሰጠ የተራ ቍጥር አላቸው። ካፒቴን የሚሆነውንና ረዳት ሆኖ የሚቀረውን፥ በበዓል ቀን ቤቱ የሚውለውንና አየር ላይ የሚውለውን፥ ወደ ጥሩው መስመር የሚበረውንና ሥራ ሲቀንስ ፊት የሚሰናበተውን የሚወስነው ይህ ቍጥር ነው። ቍጥሩ ግን የሚያገለግለው በዚያው ኩባንያ ውስጥ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለ ካፒቴን ወደ ሌላ ኩባንያ ቢሄድ በጀማሪ ደመወዝ የረዳቶች ሁሉ መጨረሻ ሆኖ ይጀምራል። ልብስ ሰፊ መንደር ቢለውጥ መርፌውንም ስሙንም ይዞ ይሄዳል። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ሀብት ግን ከበር የማይወጣ ሀብት ነው። ስለዚህ ብዙዎች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሲቀነስባቸው «ቍጥሬን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ?» እያሉ ቆዩ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደ ተባለው ሆነባቸው።

በመስከረም 1983 ፍራንክ ሎሬንዞ የሚባል ባለሀብት የሚመራው ኮንቲኔንታል የተባለ አየር መንገድ በኪሣራ ስም ፍርድ ቤት ገባ። ገንዘቡ ፈጽሞ ስላለቀ ብቻ አይደለም፤ ከሠራተኛ ማኅበሮች ጋር የተፈራረመውን ውል ለማፍረስ ጭምር ነበር። ከ12,000 ያህል ሠራተኞች ወደ 4,000 የሚሆኑት ብቻ ተመልሰው ተጠሩ፤ የተጠሩትም በግማሽ ያህል ደመወዝ ነበር። የሌሎች ኩባንያዎች ሠራተኞች ይህን አይተው ደነገጡ። በ1985 ይኸው ሎሬንዞ ቲ. ደብልዩ. ኤ.ን ሊገዛ ሲመጣ ድንጋጤው ወደ ራሳቸው ቤት ገባ።

በዚያው ወራት ካርል አይካን የሚባል የኒው ዮርክ ባለገንዘብ የኩባንያውን አክሲዮን ይሰበስብ ነበር። የአብራሪዎቹና የሜካኒኮቹ ማኅበሮች ሁለቱን ሰዎች አመዛዘኑና አይካን ይሻለናል ብለው፥ እርሱ ኩባንያውን ከያዘ ከደመወዛችን እንቀንሳለን ሲሉ ተስማሙ። አይካንም ኩባንያውን ያዘ። በዚያን ሰዓት ይህ ምርጫ የሞኝ ምርጫ አልነበረም፤ ከኮንቲኔንታል የደረሰውን ያየ ሰው እንዲህ ቢመርጥ የሚገርም አይደለም። ነገር ግን የሚሸሹትን ሰው እንጂ የሚጠጉበትን ሰው አጥብቀው አልመረመሩም። ኋላም ጉዞው ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ቀጥሎ ጥያቄው ወደ አስተናጋጆቹ መጣ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ደመወዛቸውም ከአብራሪዎቹ ደመወዝ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ደመወዛቸው እንዲቀነስ፥ የሥራ ሰዓታቸውም እንዲጨመር ተጠየቁ። ማኅበራቸው ይህ ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ በመጋቢት 7 ቀን 1986 ሥራ አቆመ። ኩባንያው ግን መብረሩን አላቆመም። 2,350 ያህል አዳዲስ አስተናጋጆች ቀጠረ፤ ከነባሮቹም 1,280 ያህሉ ከመጀመሪያው አድማ አልገቡም፥ ወይም አድማው ሳያልቅ ተመለሱ። 5,000 የሚሆኑት እስከ መጨረሻው ጸኑ። በ72ኛው ቀን ማኅበሩ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ወደ ሥራ እንመለስ ብሎ ሲጠይቅ፥ በዚያን ጊዜ ክፍት ቦታ አገኙ ተብለው የተጠሩት 197 ብቻ ነበሩ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ የተመለሱት ከ1,100 ብዙ አይበልጡም ነበር።

ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 28 ቀን 1989 ኩባንያው በአድማው ጊዜ የሠሩትን አነስተኛ ተራ ያላቸውን ሠራተኞች አስነሥቶ፥ በአድማው የጸኑትን ባለ ረጅም ዘመን ሠራተኞች በቦታቸው እንዲያስቀምጥ አይገደድም ሲል ፈረደ። እንግዲህ አስተውሉ። ቍጥሬን ጥዬ አልሄድም ብላ የኖረች፥ ለጓደኞቿም ስትል የጸናች ሴት በውጭ ስትጠብቅ፥ ከእርሷ በኋላ የተቀጠረችው በቦታዋ ትሠራ ነበር። ለዘላለም ይጠብቀኛል ያለችው ቍጥር በአንድ የፍርድ ወረቀት ኃይሉ ተቀነሰ።

«እንግዲያማ ብልሆቹ ያልታገሉት ናቸው» ለማለት አንቸኩል፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። የቀሩትንም ተከትለን እንያቸው።

አይካን በ1988 ኩባንያውን በብድር ኃይል ከገበያ አውጥቶ የግሉ አደረገው፤ የብድሩም ሸክም በኩባንያው ጫንቃ ላይ ወደቀ። በ1991 የኩባንያው ክብር የነበረው የሎንዶን በረራ መብት በ445 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካን ኤርላይንስ ተሸጠ። በጥር 1992 ኩባንያው በኪሣራ ፍርድ ቤት ገባ፤ በ1993 መጀመሪያ አይካን ለቀቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሠራተኞቹ እንደ ገና ከደመወዛቸው ቀነሱና በለውጡ ከኩባንያው አክሲዮን 45 በመቶ ተሰጣቸው። «ከእንግዲህ የቤቱ ባለቤት እናንተ ናችሁ» ቢባሉ ማን ደስ አይለው? ነገር ግን ዕዳ የሞላበት ቤት ባለቤት መሆን ዕዳውን መካፈል ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1995፥ ኩባንያው ሁለተኛ ጊዜ በኪሣራ ገባ፤ የሠራተኞቹም ድርሻ ወደ 30 በመቶ ወረደ።

ከዚህም በላይ ከአይካን ጋር የነበረውን የዕዳ ጉዳይ ለመዝጋት በ1995 አንድ ውል ተፈረመ። በዚህ ውል አይካን የኩባንያውን ቲኬቶች ከተጻፈባቸው ዋጋ 45 በመቶ ቀንሶ እየገዛ ለሌላ እንዲሸጥ ለ8 ዓመት ተፈቀደለት። ኩባንያው የራሱን ቲኬት በራሱ ዋጋ ሲያቀርብ በርካሽ የሚሸጥበት ተወዳዳሪ ከገዛ ቤቱ ወጣበት። ሠራተኛው በአንድ በኩል ከደመወዙ እየቀነሰ ውሃውን ሲቀዳ፥ ማሰሮው በሌላ በኩል ተቀዶ ይፈስስ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሠራተኛው መሥዋዕትነት ማነሱ አይደለም፤ መሥዋዕቱ የት እንደሚገባ አለማየቱ ነው።

በጥር 10 ቀን 2001 ኩባንያው ለሦስተኛ ጊዜ በኪሣራ ገባና አሜሪካን ኤርላይንስ ሊገዛው ተስማማ። በዚያን ጊዜ 20,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። በሚያዝያ ሽያጩ ተፈጸመ፤ በታኅሣሥ 1 ቀን 2001 በቲ. ደብልዩ. ኤ. ስም የበረረው የመጨረሻው መደበኛ በረራ ከካንሳስ ሲቲ ሴንት ሉዊስ ደርሶ አረፈ። ሠራተኞቹ ወደ ትልቅ ቤት በመግባታቸው ተስፋ አደረጉ። ነገር ግን አስተናጋጆቹ በአዲሱ ቤት የተራ መዝገብ ላይ ከሁሉ በታች ተጻፉ። ሠላሳ ዓመት የበረረች ሴት ከሽያጩ ጥቂት ወራት በፊት ከተቀጠረች ልጅ በኋላ ተቈጠረች። በመስከረም 2001 በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የመንገደኛው ቍጥር ሲቀንስ ስንብት መጣ፤ ስንብቱም ከመዝገቡ ታች ጀመረ። እስከ ሐምሌ 2003 ድረስ 4,000 ያህል የሆኑት የቀድሞዎቹ አስተናጋጆች በሙሉ ከሥራ ወጡ። በ1986 በአድማው የጸናችውና በአድማው ጊዜ የሠራችው፥ በዚያ ምክንያት ዓመታት ሙሉ ተኳርፈው የኖሩት ሁለቱ፥ በአንድ በር ወጡ።

እንግዲህ ትክክል የነበረው ማን ነው? እኔ ስለ ሁሉም አንድ ፍርድ ልሰጥ አልችልም። ቆይታ በተቀነሰው ደመወዝ አሥራ አምስት ዓመት ልጆቿን ያሳደገች እናት ከሰረች ለማለት የሚደፍር ማን ነው? በ1986 ወጥታ ሌላ ሙያ የተማረችም፥ ቂሟን ትታ ከሄደች፥ ተሸነፈች አይባልም። ጥፋቱ ከመቆየት ወይም ከመሄድ አይደለም፤ ሳይመዝኑ ከመቆየትና ሳይመዝኑ ከመሄድ ነው። ከዚህ ታሪክ የምናገኛቸው መመዘኛዎች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው፥ ቅነሳው እስከ መቼ ነው የሚለው ነው። «ጊዜው እስኪሻል» የሚባለው ቃል ቀን የለውም። ቀን የሌለው ብድር ስጦታ ነው። ኩባንያው ሲሻለው የተቀነሰው እንዴትና መቼ እንደሚመለስ በጽሑፍ ያልተቀመጠ እንደ ሆነ፥ ሠራተኛው ያበደረ ሳይሆን የሰጠ መሆኑን አውቆ ይስጥ።

ሁለተኛው፥ የሚቀነሰው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ሞተር ለመጠገንና አዲስ መስመር ለመክፈት የሚውል ከሆነ ተስፋ አለው። የላይኛው ሰው የተበደረውን ለመክፈል ከሆነ ግን የታችኛው ሰው ቢጾም ቤቱ አይድንም። አለቃውም አብሮ መጾሙን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል የሚለውም ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ሦስተኛው፥ በለውጡ የሚሰጠኝ ነገር በማን እጅ ነው የሚለው ነው። የዛሬ ገንዘብ ሰጥቶ የነገ ተስፋ መቀበል አንዳንድ ጊዜ መልካም ንግድ ነው። ነገር ግን የደመወዙም፥ የአክሲዮኑም፥ የጡረታውም ተስፋ በአንድ ቤት የታሰረበት ሰው ቤቱ በወደቀ ቀን ሦስቱንም በአንድነት ያጣል። ጥሪትን በሙሉ እንጀራ በሚበሉበት ጎተራ ብቻ አለማስቀመጥ ጥንቃቄ እንጂ ክህደት አይደለም።

አራተኛውና ዋናው፥ ከበሩ ስወጣ ምን ይዤ እወጣለሁ የሚለው ነው። በዚያው ኩባንያ ሜካኒኩና አስተናጋጇ አንድ ዓይነት አልነበሩም። የአሜሪካ ሜካኒክ የሙያ ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት እንጂ ኩባንያው አይደለም፤ ስለዚህ በማናቸውም አየር መንገድ፥ ከአየር መንገድም ውጭ ሞተር በሚጠገንበት ቦታ ያገለግለዋል። የአብራሪውም ፈቃድ እንዲሁ ነው፤ ተራውን ቢያጣም መብረርን አያጣም። የአስተናጋጇ ሙያ ግን ምንም እንኳ በአደጋ ጊዜ የሰው ነፍስ የሚያድን ቢሆን፥ ከበሩ ውጭ የሚያስመሰክርላት ወረቀት እምብዛም አልነበራት። ስለዚህ ቅነሳው የከበደው ከሁሉ ያነሰ ለምትከፈለውና ይዛ የምትወጣው ላነሰባት ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ ሥራ ያለው ሰው ሥራው ደኅና ሳለ በማታ ትምህርትም ሆነ በሌላ መንገድ ከበር የሚወጣ ሀብት ማከማቸት የሚገባው መሆኑን ነው። ዝናም ከጀመረ በኋላ ጣራ መክደን ያስቸግራል።

ከእነዚህም ጋር አንድ ነገር ልጨምር። የደመወዝ መቀነስ የሚያመጣው ትልቁ ጉዳት በገንዘብ የማይቈጠረው ነው፤ ይኸውም አብረው እንጀራ የበሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው መናናቃቸው ነው። የሄደው የቀረውን ፈሪ ይለዋል፤ የቀረው የሄደውን ከዳተኛ ይለዋል። የአንዱ እናት ታማ እንደ ሆነ፥ የሌላው ሚስት ሥራ ያላት እንደ ሆነ ሳይጠያየቁ ይፈራረዳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ድሩን የሚበጥሰው ግን አንበሳው ብቻ አይደለም፥ ድሮቹም እርስ በርሳቸው ይበጣጠሳሉ። በ1985 አብራሪውና ሜካኒኩ ለብቻ ተዋዋሉ፤ በ1986 አስተናጋጇ ለብቻዋ ቆመች፤ በ2001 ሁሉም በአንድነት ቤቱን አጡ።

ዛሬ ቲ. ደብልዩ. ኤ. የሚባል አየር መንገድ የለም። በኒው ዮርክ አየር ማረፊያ በ1962 የተከፈተው ውብ የመንገደኞች አዳራሹ ከ2019 ጀምሮ ሆቴል ሆኗል። ሠራተኞቹ ያን ያህል የሳሱለት የተራ መዝገብ የትም አያገለግልም። ነገር ግን ከዚያ ቤት አንድ ሀብት ሳይጠፋ ወጥቷል። በ1946 አዲስ አበባ የመጡት አብራሪዎችና ሜካኒኮች ከእነርሱ አጠገብ ለቆሙት ኢትዮጵያውያን ያሳዩት ሙያ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ ይሠራበታል። መምህሩ ቤት ፈረሰ፤ ያስተማረው ትምህርት ግን በተማሪው ቤት አለ።

ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በምትገባበት ሥራ ቤቱን አክብር፥ በታማኝነትም አገልግል፤ ደመወዝህ የተቀነሰ ቀንም አትቈጣ፥ አትፍራም፤ ቁጭ ብለህ አስላ። ብትቆይ ለምን እንደምትቆይ አውቀህ ቆይ፤ ብትሄድም ማንንም ሳትሳደብ ሂድ። ከሁሉ አስቀድመህ ግን፥ የምትሄድበት ቀን ቢመጣ ባዶ እጅህን እንዳትወጣ፥ ዛሬ ሥራ ሳለህ ከበር የሚወጣውን ሀብት አከማች።